ከሌሊቱ -2 ሰዓት፦ አንድ ፕሮግራም በሦስት የኮምፒውተር ቋንቋ ሲሠራ

ከጅቡቲ ተነስቶ በደወሌ በኩል ወደ ድሬዳዋ የሚገባ ጭነት በሁለት ዓይነት ሰዓት ይጠበቃል። ጅቡቲ ያለው ወኪል መኪናው የሚደርስበትን ጊዜ በ24 ሰዓት አቆጣጠር በስልክ መልእክት ይልካል፤ መጋላ ያለው ነጋዴ ደግሞ ዕቃ አውራጆቹን የሚቀጥረው ከንጋት ጀምሮ በሚቆጠረው በእኛ ሰዓት ነው። ሁለቱ አገሮች በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስለሚገኙ የሚለያየው የቆጠራው መነሻ ብቻ ሲሆን፣ ልዩነቱም ሁልጊዜ 6 ሰዓት ነው። ጉዳዩን ያመጡልን የመጋላ ነጋዴ ይህን ልዩነት ሳያስቡት በቃላቸው ይሠሩታል። ሱቅ ውስጥ የሚረዷቸው ልጆች ግን መደመር ባለባቸው ቦታ እየቀነሱ፣ መቀነስ ባለባቸው ቦታ እየደመሩ ስላስቸገሯቸው፣ የሚላከውን ሰዓት ወደ እኛ ሰዓት የሚለውጥ ትንሽ ፕሮግራም ቢሠራላቸው እንደሚወዱ ነገሩን።

ይህ ጽሑፍ ያንን ፕሮግራም በሦስት የኮምፒውተር ቋንቋዎች የሠሩ ሦስት ጀማሪዎች ያለፉበትን ሂደት የሚመረምር ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ከጥቂት መስመሮች አይበልጥም። ለጥናት የሚበቃው ነገር፣ ያው ጥቂት መስመር በሦስት ቋንቋ ሲጻፍ ጀማሪዎቹ የትኛው ስህተት የራሳቸው፣ የትኛው የቋንቋው፣ የትኛው ደግሞ የመሣሪያቸው እንደሆነ ለመለየት መገደዳቸው ነው።

ተማሪዎቹና ጥያቄያቸው

ከሦስቱ አንደኛዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስትሆን በክፍል የምትማረው ሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ሁለተኛው ድሬዳዋ በሚገኘው ታይዋን ገበያ ስልክ እየጠገነ የሚተዳደር ወጣት ነው፤ ኮምፒውተር ስለሌለው ፓይተንን የሚለማመደው በእጅ ስልኩ ላይ በጫነው መተግበሪያ ነው። ሦስተኛው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ከተመዘገበ በኋላ ድረ ገጽ ወደ መሥራት ያዘነበለና ጃቫስክሪፕትን የያዘ ወጣት ነው። ሦስቱም የመጡት በየራሳቸው ምክንያት ቢሆንም ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ «ቲቸር፣ የትኛው ቋንቋ ይሻለኛል?» የሲ ፕላስ ፕላሷ ተማሪ ወደ ፓይተን ለመሸሽ፣ የፓይተኑ ተማሪ በተቃራኒው «ጠንካራ ፕሮግራመር» ለመባል ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ለመግባት ያስቡ ነበር።

ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት አይከብድም፤ አብዛኛው አስተማሪ ራሱ የለመደውን ቋንቋ ጠርቶ ያልፈዋል። ጥያቄው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ተማሪው አንድ ስህተት ካቃተው በኋላ በመሆኑ፣ የስህተቱ ምንጭ ሳይለይ ቋንቋውን ቢለውጥ ያው ስህተት በአዲሱ ቋንቋ ውስጥ በሌላ መልክ ይገጥመዋል። ስለዚህ ሦስቱም የነጋዴውን ሥራ እያንዳንዳቸው በያዙት ቋንቋ እንዲሠሩት፣ አንድ ነገር ሲበላሽም ከመጠገናቸው በፊት ብልሽቱ ከጉዳዩ አስተሳሰብ፣ ከቋንቋው ደንብ ወይስ ከሚሠሩበት መሣሪያ የመጣ እንደሆነ በቃል እንዲናገሩ ተስማማን። የጓደኛን ፕሮግራም ማየት የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነበር፤ በሦስቱም ላይ የታየ ስህተትና በአንዱ ላይ ብቻ የታየ ስህተት ስለ ምንጫቸው የሚሰጡት ምስክርነት የተለያየ ነውና።

ድሬዳዋ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በአንድ ጨዋታ መካከል ሲቀላቀሉ እየሰሙ ማደግ የተለመደ ስለሆነ፣ የዚህ ከተማ ልጆች የኮምፒውተር ቋንቋንም በዚያው ዓይን የማየት ዝንባሌ አላቸው። ንጽጽሩ ድፍረት ይሰጣል፤ ግን ያሳስታልም። በገበያ መካከል ሶማሊኛውን ያጣመመ ሸማች ቢሳሳትም ሻጩ ሐሳቡን ገምቶ ይመልስለታል። ኮምፒውተር በአብዛኛው አይገምትም፤ ሲገምት ደግሞ፣ በጃቫስክሪፕት ላይ እንደምናየው፣ ባይገምት የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ወረቀቱ ያልያዘው ስህተት

ማንም ኮድ ከመጻፉ በፊት ሦስቱም አንድ ሠንጠረዥ በወረቀት ሠሩ፤ በአንድ በኩል ከ0 እስከ 23 ያለውን ሰዓት፣ በሌላው በኩል የእኛን ሰዓት ጻፉ። 7 ሰዓት የእኛ 1 ነው፤ 8 ሰዓት 2 ነው፤ 20 ሰዓት ደግሞ ከምሽቱ 2 ነው፤ 4 ሰዓት ከሌሊቱ 10 ነው። ከሠንጠረዡ ያወጡት ደንብ አጭር ነበር፤ ከሰዓቱ ላይ 6 ይቀነሳል፣ ውጤቱ ለ12 ተካፍሎ ቀሪው ይያዛል፣ ቀሪው 0 ከሆነ 12 ተብሎ ይጻፋል። በኮድ ሲጻፍ የደንቡ ዋና ክፍል ይህ ነው፦

(ሰዓት - 6) % 12

የመቶኛ ምልክቱ በሦስቱም ቋንቋዎች የማካፈልን ቀሪ የሚሰጥ በመሆኑ፣ መስመሩ በሦስቱም ላይ ቃል በቃል አንድ ነው። ፕሮግራሞቹ የተፈተኑት በነጋዴው ስልክ ላይ ከነበሩት የቅርብ መልእክቶች በተወሰዱ ሦስት ሰዓቶች ነበር፤ እነሱም 8፣ 20 እና 4 ናቸው። ለ8 እና ለ20 ሦስቱም 2 ብለው በትክክል መለሱ። 4 ሲገባ ግን ፓይተን 10 ሲል፣ ሲ ፕላስ ፕላስና ጃቫስክሪፕት «ከሌሊቱ -2 ሰዓት» ብለው ጻፉ።

ስልክ ጠጋኙ ደስታውን አልደበቀም፤ «አቦ፣ ፓይተን ይሻላል አላልኩም?» አለ። ሁለቱ ደግሞ ወዲያው ወደ ጥገና ገቡ፤ አንዷ «ከዜሮ በታች ከሆነ 12 ደምር» የሚል መስመር ልትጨምር ጀመረች። ጥገናው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ብልሽቱ የት እንደሚኖር ገና አልተነገረም ነበርና ብዕር እንዲያነሱ ተደረገ።

4 ላይ 6 ሲቀነስ -2 ይሆናል። -2 ለ12 ሲካፈል ድርሻው ስንት ነው? ትክክለኛው ውጤት በ0 እና በ-1 መካከል ያለ ክፍልፋይ ስለሆነ፣ ሙሉ ቁጥር ለማግኘት ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የግድ ነው። ፓይተን ወደ ታች ዝቅ ብሎ -1ን ይይዛል፤ -1 በ12 ሲባዛ -12 ስለሚሆን ወደ -2 ለመድረስ የሚቀረው 10 ነው። ሲ ፕላስ ፕላስና ጃቫስክሪፕት ወደ ዜሮ ተጠግተው 0ን ይይዛሉ፤ የሚቀረውም -2 ነው። ሁለቱም ወገን ድርሻው በአካፋዩ ተባዝቶ ቀሪው ሲደመርበት ተካፋዩን ይሰጣል የሚለውን የትምህርት ቤት ደንብ አላፈረሱም። ስለዚህ «የትኛው ተሳሳተ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ ልዩነቱ የቋንቋ ደንብ ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ታሪክ መጨመር ለተማሪዎቹ ጠቅሟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው የፓይተን ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም፣ ቋንቋው ለምን ወደ ታች እንደሚያካፍል እ.ኤ.አ. በ2010 ሲያስረዳ ያነሳው ምሳሌ የእነዚህን ተማሪዎች ሥራ የሚመስል ነበር፤ ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ በሰከንድ ከሚቆጠር ጊዜ የቀኑን ሰዓት ማውጣት ቢፈለግ፣ ከ1970 በፊት ላሉት አሉታዊ ቁጥሮች ወደ ዜሮ የሚጠጋው አከፋፈል ትርጉም የሌለው ውጤት ይሰጣል። በሲ ፕላስ ፕላስ በኩል ደግሞ ወደ ዜሮ መጠጋት በደንቡ የጸናው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የቋንቋው ደረጃ ነው፤ ከዚያ በፊት አሉታዊ ቁጥር ሲካፈል ወዴት እንደሚጠጋ ውሳኔው ለኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ለሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ሠሪ የተተወ ነበር። ተማሪዋ ይህን ስትሰማ የተናገረችው ነገር ተገቢ ይመስለኛል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የቋንቋን ደንብ እንደ ሂሳብ ሕግ የተሰጠ እንጂ ሰዎች ተሰብስበው የወሰኑት አድርጋ አታየውም ነበር።

ደንቡ ከታወቀ በኋላ የተሻለውን ጥገና ያገኘችው እሷው ናት። በ12 ሰዓት ዙር ላይ 6 ወደ ኋላ መሄድና 6 ወደ ፊት መሄድ አንድ ቦታ ያደርሳል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ሙሉ ዙር ነውና። ስለዚህ

(ሰዓት + 6) % 12

ተብሎ ቢጻፍ አሉታዊ ቁጥር ፈጽሞ አይመጣም፤ የሦስቱ ቋንቋዎች ልዩነትም አይነካውም። በአንድ ቋንቋ ልዩ ባሕርይ ላይ ከሚደገፍ ኮድ ይልቅ በሁሉም ቋንቋ እኩል የሚቆም ኮድ መፈለግ፣ በተለይ ለጀማሪ፣ የላቀ ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምንም እንኳ ልምድ ያለው የፓይተን ሰው የፓይተንን ደንብ መጠቀም ነውር የለውም ብሎ ሊከራከር ቢችልም።

በአጋጣሚ ትክክል የሆነው መልስ

ሦስቱም መስመሩን ለውጠው በእነዚያው ሦስት ሰዓቶች ደግመው ፈተኑ። 8 ሲገባ 2፣ 20 ሲገባ 2፣ 4 ሲገባ 10 ወጣ፤ በሦስቱም ላይ። ሥራው አለቀ ተብሎ የጃቫስክሪፕቱ ገጽ ለነጋዴው ሊሰጥ ሲል፣ ስልክ ጠጋኙ እንዲያው ለጨዋታ 9 ብሎ አስገባ። ገጹ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት» ብሎ መለሰ። ትክክለኛው 3 ነበር። ፓይተኑና ሲ ፕላስ ፕላሱ 3 አሉ።

በአንዱ ላይ ብቻ የታየ ስህተት በመሆኑ ጥርጣሬው ወደ ቋንቋው ሄደ፤ ግን የመቀነሱ መስመር በነበረበት ጊዜ ያው ገጽ 9ን በትክክል ይለውጥ እንደነበር ሲረጋገጥ ሁሉም ግራ ተጋቡ። መቀነስ ሲሠራ መደመር ለምን ይበላሻል? ለ4፣ ለ8 እና ለ20 ትክክል የሆነ ደንብስ ለ9 ለምን ይስታል?

ቁልፉ፣ በድረ ገጽ ሳጥን ውስጥ የተጻፈ ነገር ለጃቫስክሪፕት የሚደርሰው በቁጥርነቱ ሳይሆን በጽሑፍነቱ መሆኑ ነው። የመደመር ምልክት በጃቫስክሪፕት ሁለት ሥራ አለው፤ ቁጥርን ይደምራል፣ ጽሑፍን ያያይዛል። በአንዱ ወገን ጽሑፍ ካገኘ ማያያዙን ይመርጣል። ስለዚህ 9 ሲደመር 6 በዚህ ገጽ ላይ 15 ሳይሆን «96» ነበር። ቀጥሎ የመጣው የቀሪ ምልክት ከቁጥር ጋር ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ቋንቋው «96»ን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወደ ቁጥር መልሶ ለ12 አካፈለው፤ ቀሪው 0 ሆነ፤ 0 ደግሞ በደንባችን 12 ተብሎ ተጻፈ። መቀነስ በተቃራኒው በጽሑፍ ላይ ትርጉም ስለሌለው፣ ቀድሞ በነበረው መስመር ላይ ቋንቋው ከመጀመሪያው ጽሑፉን ወደ ቁጥር ይለውጠው ነበር። ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 የመጀመሪያውን ቅጂ በ10 ቀን ገደማ የሠራው ጃቫስክሪፕት ያለው ይህ ችሮታ፣ ፕሮግራሙ እንዳይቆም ይረዳል፤ ጀማሪውን ግን ከስህተቱ ጋር ያላምደዋል።

የቀረው እንቆቅልሽ የሦስቱ ፈተናዎች ነበር፤ «46» ለ12 ተካፍሎ ቀሪው 10 ነው፤ «86» ለ12 ተካፍሎ 2፣ «206»ም እንዲሁ 2። ሦስቱም ትክክል! የዩኒቨርሲቲዋ ተማሪ ይህን በወረቀት ፈታችው። ከአንድ ቁጥር ጀርባ 6 ማያያዝ ማለት ቁጥሩን በ10 አባዝቶ 6 መደመር ነው። ሊሆን የሚገባው ቁጥሩ ሲደመር 6 ስለሆነ፣ በተሳሳተውና በትክክለኛው መካከል ያለው ልዩነት የቁጥሩ 9 እጥፍ ነው። ይህ ልዩነት ለ12 ያለ ቀሪ የሚካፈለው ቁጥሩ ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል ብቻ ነው። ከ24 ሰዓቶች ውስጥ 0፣ 4፣ 8፣ 12፣ 16 እና 20 በአጋጣሚ ትክክል ይወጣሉ፤ የቀሩት 18ቱ ይሳሳታሉ። ከነጋዴው ስልክ የተወሰዱት ሦስት ሰዓቶች ሦስቱም ከስድስቱ መካከል ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ተማሪዎቹ ፕሮግራማቸውን የሚፈትኑት ሠንጠረዡን ከ0 እስከ 23 በሙሉ በማስገባት ሆነ፤ 24 መስመር ለመፈተን የሚወስደው ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሦስቱ ቋንቋዎች ለአንዲት 4 የሰጡትን አቀባበል ጎን ለጎን ማየትም ብዙ አስተምሯቸዋል። በሲ ፕላስ ፕላስ ተለዋዋጩ (ቁጥሩ የሚቀመጥበት ስም) ገና ሲታወጅ ሙሉ ቁጥር ነው ስለተባለ የሚነበበውም ቁጥር ነው። ፓይተን ከተጠቃሚው የሚቀበለው ልክ እንደ ጃቫስክሪፕቱ ገጽ ጽሑፍ ነው፤ ነገር ግን ጽሑፍን ከቁጥር ጋር ደምር ሲባል እምቢ ብሎ ይቆማል፤ ስልክ ጠጋኙ ይህ ገና በመጀመሪያ ቀኑ ገጥሞት ስለነበር ወደ ቁጥር መለወጡን ለምዶታል። በፓይተን ላይ ያማረረበት ያ ቀይ የኤረር መልእክት፣ ጓደኛውን ሊያድነው ይችል የነበረ መልእክት ነው።

መሣሪያው

የመሣሪያው ነገር አጭር ነው። የሲ ፕላስ ፕላሷ ተማሪ ተለዋዋጮቿን በአማርኛ ሰይማ በስልኳ ላይ ባለው ክላንግ በተባለ ኮምፓይለር ስትሠራ ያለችግር ሠራላት፤ ያንኑ ፋይል ቤተ ሙከራ ባለው ዴቭ ሲ ፕላስ ፕላስ 5.11 በተባለ የኮድ መጻፊያ ስትከፍተው ግን ኤረሩ ገጹን ሞላው። ምክንያቱ ከዚያ ቅጂ ጋር የሚመጣው ኮምፓይለር ጂሲሲ 4.9.2 በመሆኑ ነው፤ ጂሲሲ እንዲህ ያሉ ፊደሎችን በቀጥታ በስም ውስጥ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 10ኛው ቅጂ ጀምሮ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል ማስቀመጫ ስልት ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ አሮጌው ኮምፓይለር «ሰዓት» በሚለው ስም ላይ ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ያጉረመርማል። ተማሪዋ ስሞቹን በላቲን ፊደል ለወጠችና አለፈች። ቋንቋዋም ሐሳቧም ምንም እንዳልጎደለው ለማወቅ የፈጀባት ጊዜ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይፈጅባት ከነበረው ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ሦስቱ ተስማምተው የተሳሳቱበት

ፕሮግራሞቹ በ24ቱም ሰዓት ሲስማሙ ቀኑ ተጨመረና ለነጋዴው ቀረቡ። እሳቸውም አንድ የቆየ መልእክት አውጥተው ፈተኑት፤ ወኪሉ የላከው ማክሰኞ 4 ሰዓት የሚል ነበር። ሦስቱም ፕሮግራሞች «ማክሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት» አሉ። ነጋዴው አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጆቼ፣ ይህን ለአውራጆቹ ብልክላቸው ማክሰኞ ማታ ተኝተው ለረቡዕ አጥቢያ ይመጡ ነበር፤ መኪናው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል» አሉ።

የጃቫስክሪፕቱ ተማሪ «ጋሼ፣ ሰዓቱ እኮ ትክክል ነው» ብሎ ሊከራከር ሞከረ፤ በእርግጥም ሰዓቱ ትክክል ነበር። የተሳሳተው ቀኑ ነው። በ24 ሰዓት አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ግን ሰው ቀኑን የሚቆጥረው ከንጋት ነው፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለው ጊዜ የባተው ቀን ሳይሆን ያለፈው ቀን ሌሊት ነው። በጅቡቲው መልእክት ማክሰኞ 4 ሰዓት የተባለው እዚህ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት» ነው።

ሦስት ቋንቋዎች አንድ መልስ ሲሰጡ መልሱ ትክክል ነው ብሎ ማመን ተማሪዎቹ ያደረባቸው አዲስ ልማድ ነበር፤ ይህ ፈተና ልማዱን በጊዜ ሰበረው። ስምምነቱ የሚያረጋግጠው ቋንቋና መሣሪያ እንዳላሳሳታቸው ብቻ ነው፤ በወረቀቱ ሠንጠረዥ ላይ ያልነበረ ነገር በየትኛውም ቋንቋ ሊገኝ አይችልም። ወደ ወረቀቱ ተመልሰው ከሰዓቱ ጎን የቀን ዓምድ ጨመሩ። ከ0 እስከ 5 ባለው ሰዓት ያለፈው ቀን ስም ቀድሞ እንዲጻፍ ወሰኑ። 6 ሰዓት ላይ ተከራከሩ፤ ንጋት ነው ወይስ ገና ሌሊት? ይህን የፈረዱት ነጋዴው ናቸው፤ «12 ሰዓት ካለ ነግቷል» አሉ።

የሳምንቱ ቀናት ከሰኞ ጀምረው ከ0 እስከ 6 ተቆጥረው ስለነበር፣ ያለፈውን ቀን ለማግኘት የሚመጣው የመጀመሪያ ሐሳብ 1 መቀነስ ነው። በሰኞ ላይ ይህ -1 ይሆናል። በፓይተን በዝርዝር ውስጥ -1ኛው ማለት የመጨረሻው ስለሆነ እሑድ ይወጣል፤ ማንም ሳያስተውል ይሠራል። ጃቫስክሪፕት ዋጋው እንዳልተገለጸ ይናገራል። ሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ ከቀናቱ ዝርዝር ውጭ ያለ የማስታወሻ ቦታ ሊያነብ ስለሚሞክር ምን እንደሚሆን ደንቡ ራሱ ዋስትና አይሰጥም። የዚህን ማብራሪያ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሳልናገረው ሦስቱም በየራሳቸው ያመጡት መስመር አንድ ሆነ፦

(ቀን + 6) % 7

ለምን 6 እንደሆነ ስጠይቅ ስልክ ጠጋኙ በ7 ዙር ላይ 1 ወደ ኋላ መሄድ 6 ወደ ፊት ከመሄድ ጋር አንድ መሆኑን አስረድቶ፣ በፓይተን ይህ ሳያስፈልገው ይሠራለት እንደነበር ግን ኮዱን ጓደኞቹ እንዲወስዱት ብሎ እንደጻፈው ጨመረ።

ነጋዴው ዘንድ የቀረው በስልክ ማሰሻ የሚከፈተው የጃቫስክሪፕቱ ገጽ ነው። የዩኒቨርሲቲዋ ተማሪ ሲ ፕላስ ፕላስን አልተወችም፤ ስልክ ጠጋኙ የእሷን ፕሮግራም እያነበበ ነው። የሚቀጥለው ሥራቸው በመልእክቱ ላይ ያለውን ቀን ወደ ኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር መለወጥ ሲሆን፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ሲሆን ጳጉሜን 6 ቀን እንደምትሆን፣ ለምሳሌ በ2015 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ እንደነበረው፣ በሠንጠረዥ አስፍረዋል። ኮድ ገና አልጻፉም።